በእንስራ የተቀዳው ጎርፍ

የቤታችን ቧንቧ ውሃው ጠፍቶ ከርሞ ሲመጣ መጀመሪያ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያስነጥሰዋል፤ ከዚያ ይንጣጣል፤ ከዚያ ቡናማ ውሃ ይተፋል። ምራቴ ሰናይት ይሄን ጊዜ አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ «ይፍሰስ፣ እስኪጠራ ይፍሰስ» ትላለች። እኔ ደግሞ ምክንያት ፈልጌ ወደ ቧንቧው ጠጋ እላለሁ። ሽታው ነው የሚጎትተኝ። እርጥብ አፈር፣ የበሰበሰ ገለባ፣ ትንሽ ደግሞ የጽድ ቅጠል ይሸተኛል። ጽዱን ምናልባት ከራሴ እጨምርበት ይሆናል። ብቻ ደሴ ከተማ፣ ሲሚንቶ በለበሰ ግቢ ውስጥ፣ በስተርጅናዬ ቆሜ የቆቦ ጎርፍ ይሸተኛል።

የእኔ እድሜ ሰዎች፣ በተለይ የራያ ቆላ ልጆች፣ ያንን ሽታ ታውቁታላችሁ። ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ቤታችን ከቆቦ ወጣ ብሎ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ፣ ከጎሊና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነበር። እዚያ ዝናብ ብዙ አይዘንብም። የሚዘንበው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። እኛ በፀሐይ እየተጠበስን ተራራው ሲጠቁር እናያለን፤ ጥቂት ቆይቶ ያ አሸዋ ብቻ የነበረ ወንዝ በጎርፍ ይሞላል። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ጎርፍ ያላጠጣው ማሽላ አገዳ ሆኖ ይቀራል እንጂ ፍሬ አይዝም።

ጎርፉ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። አባቴ ሞላ በዚህ ታዋቂ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያወራ እሱ ድንገት እጁን ያነሳና ዝም ያሰኛል፤ አንገቱን ወደ ተራራው ዘንበል አድርጎ ትንሽ ይቆይና «መጣ» ይላል። ይቺን አንዲት ቃል ሲል እኛ ልጆች ነፍሳችንን አናውቅም፤ ወደ ወንዙ ዳር እንሮጣለን። ጎርፉ አልፎ ሲደርቅ የሚተወው ለስላሳ ጭቃ የእኛ ነው። ሴቶቹ አሻንጉሊት እንሠራበታለን፤ ወንዶቹ ትንንሽ ቦይ ቆፍረው፣ ትንንሽ ክትር ሠርተው «የውሃ ዳኛ እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም» እየተባባሉ ይደባደባሉ። ጥንቅሽ እየመጠጥን እንገላግላቸዋለን። ጭቃውን የቀመሰ ልጅም አይጠፋም፤ እኔም ቀምሼዋለሁ፤ አይከፋም።

እናቴ የሺ ግን ያንን ጎርፍ ጎርፍ ብላ ጠርታው አታውቅም። ጸበል ነው የምትለው። እናቴ እንዲህ ነበረች፤ ቤታችን ውስጥ እሷ ያላማተበችበት ነገር አልነበረም። ሊጥ ስታቦካ በጣቷ መስቀል ትሠራበታለች። የጠላ ጋን ስትከፍት በስመ አብ ትላለች። ዶሮ ስታስታቅፍ እንቁላሎቹን በሥላሴ ስም አንድ በአንድ ታስቀምጣለች። ቁራሽ መሬት ከወደቀ አንስታ ትስመዋለች፤ ያንን የሳመችውን ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔም ስሜ እበላዋለሁ። አባቴ «ይች ሴት ቤቴን ቅኔ ማህሌት አደረገችብኝ፤ ማሳል እንኳ ፈራሁ» እያለ ይቀልድባታል። እሷም «ብትፈራ ምን አለበት» ትለውና ሥራዋን ትቀጥላለች።

የጎርፉን ጸበልነት በተመለከተ ክርክሯን ጨርሳ የያዘች ሴት ነበረች። ትውልዷ ደጋ ነው፤ እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟን ፈንታውን አዝላ ነው ወደ ዘመዶቿ ወደ ቆላ የወረደችው። «ተራራው ላይ ያ ሁሉ ማርያም፣ ያ ሁሉ ጊዮርጊስ፣ ያ ሁሉ ሚካኤል አለ» ትለናለች። «ከየደጁ የሚፈልቀው ጸበል የት ይሄዳል? ወንዝ ይገባል። ወንዙስ የት ይመጣል? ወደ እኛ።» ማስረጃም ነበራት። ጎርፉ አንዳንድ ጊዜ የጽድ ቅርንጫፍ ይዞ ይወርዳል። ቆላችን ግራር እንጂ ጽድ የለበትም፤ ደጋ ላይም ጽድ በደንብ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ እናቴ ያንን እርጥብ ጽድ አንስታ ስማ ጣራው ሥር ትሰካዋለች። የነፍስ አባታችንን ደግሞ አንድ ቀን ጠይቃቸው ነበር። እሳቸው ሳቅ ብለው «ልጄ፣ ውሃ ሁሉ የፈጣሪ ነው» አሏት። እሷ ይሄን እንደ አዎን ቆጥራ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በየክረምቱ ከመጀመሪያው ጎርፍ አንድ እንስራ ትቀዳና እስኪጠልል ታስቀምጠዋለች። ከላይ የጠለለውን ቤቱ ላይ፣ በሬዎቹ ላይ፣ እኛ ላይ ትረጫለች። ከዚያ በጣሳ እየዞረች ታጠጣናለች። አባቴ ተራው ሲደርስ «ኧረ አንች ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ አፈር ጠጥቼ ማሽላ እንዳላበቅል» ይላታል። እያጉረመረመም ቢሆን ግን ይጠጣል።

አሁን ወደዚያ ክረምት ልምጣ። ማሳችን ከአጎቴ ከፈንታው ማሳ በታች ነበር፤ ከእኛ በታች ደግሞ የጎረቤታችን የአባ እንድሪስ። ሦስቱም የሚጠጡት ከአንድ ቦይ ነው። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ላይ ያለው ጎርፉን ክትር ሠርቶ ያቆማል፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ክትሩን ይንድና ለታችኛው ያሳልፋል። ታችኛውም እንደዚያው። በዚያ ዓመት ግን ደጋው ላይ ሰማዩ ስስት ያዘው። ጎርፍ የመጣው አልፎ አልፎ ነበር፤ በመጣም ጊዜ አጎቴ ፈራ መሰለኝ ውሃው ጉልበት እስኪደርስ ያዘው። እኛ ጋ የደረሰው አረፋና ገለባ ብቻ ነበር። አባቴ ሄዶ ተናገረው፤ አጎቴም መለሰለት። አንዱ «ያሳደግንህ» አለ፣ ሌላው «ያበላኸኝን እንጀራ ቆጥረህ ውሰዳት» አለ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። አጎቴ ፈንታው እኛ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ እርሻ ያስተማረው አባቴ ነው፤ እኔን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ቆቦ ገበያ የሚወስደኝም እሱ ነው። አሁን ፍልሰታ ገብቶ ሁለቱም ለቅዳሴ ሲመጡ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ በዚህ፣ ሌላው ከዋርካው በዚያ በኩል ይቆማሉ። እናቴ ከሁለቱም ርቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ ታስደግፋለች። ማሽላችን ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል፤ አንድ ጎርፍ ካልገባለት የዓመቱ እህል የለም። እሷ ግን የምትፈራው ከዚያ የባሰውን ነበር። በእኛ አገር በውሃ የተነሳ ሰው ይገደላል። ባሏ ወንድሟን ሊገድልባት ይችላል፤ ወንድሟም ባሏን። ይሄን ማንም ባይነግረኝም አውቀው ነበር፤ ምክንያቱም እናቴ በዚያ ሰሞን ሊጥ ላይ መስቀል ስትሠራ ጣቷን ቶሎ አታነሳም ነበር።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ተመልሰን ጾም ሳንፈታ አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ እጁን አነሳ። «መጣ» አለ፤ እንደ ሌላው ጊዜ ግን ፊቱ አልፈካም። ተነሳና ወደ ቤት ገባ። ግድግዳው ላይ አካፋውና ምንሽሩ ጎን ለጎን ነው የሚንጠለጠሉት። ሲወጣ የያዘው ምንሽሩን ነበር።

እናቴ አየችው። አልጮኸችም፣ አልያዘችውም። እሱ በመንገዱ ሲሄድ እሷ ማድ ቤት ገብታ ትልቁን እንስራ አወጣች፣ በገመድ አዘለችው፤ ለእኔ ትንሿን ቅል ሰጠችኝ። «ነይ» አለችኝ። ለቅዳሴ ያጣፋችውን ነጠላ አላወለቀችም። ከአባቴ ቀድማ በአቋራጭ ወደ አጎቴ ማሳ ወረደች።

ስንደርስ ውሃው ማሳውን ሞልቶ ቆሟል። አጎቴ ክትሩ ላይ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል፤ የእሱም ጠመንጃ ግራሩ ላይ ተደግፏል። አባቴ ትንሽ ቆይቶ ደርሶ ከታች፣ በእኛ ማሳ ድንበር ላይ ቆመ። አባ እንድሪስ አካፋቸውን ይዘው አጠገቡ ቆሙና «አብሽር ሞላ፣ አላህ ያለው አይቀርም፣ አብሽር» ይሉታል። ከየማሳው የመጡ ሰዎችም ራቅ ብለው ቆመዋል። እናቴ ክትሩ ሥር ስትደርስ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በረባሶዋን አወለቀች። ጎንበስ ብላ ጭቃውን ሳመች። እኔም ግራ ገብቶኝ ባዶ እግሬን እንደሆንኩ ጎንበስ አልኩና ሳምኩ።

«እታለም፣ ምነው? ምን ሆነሻል?» አላት አጎቴ።

«ጸበል ልቀዳ ነው። ቤቴ የታመመ አለብኝ።»

«ማን ነው የታመመ?»

«ባለቤቴ። ልቡን አሞታል። አንተም ደህና አትመስለኝም።»

አጎቴ ወደ አባቴ አየ፣ ከዚያ ወደ ውሃው አየ። «ይሄ እኮ ጎርፍ ነው እታለም» አላት ቀስ ብሎ።

እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ውሃው ላይ ትንሽ ፈለገች። አንዲት የጽድ ቅርንጫፍ ከገለባው መሀል አነሳች። «ይሄ የት የበቀለ ነው?» አለችው። «ቆላ ጽድ አለ? በስንቱ ታቦት ደጅ አልፎ መጥቶ ነው አንተ ማሳ ላይ የቆመው። እኔ ሌላ አልጠየቅኩህም፤ እንስራዬን ልሙላ። ጸበል ይከለከላል እንዴ ፈንታው?»

ጸበል አይከለከልም። ደመኛ እንኳ እንስራ ይዞ ቢመጣ አይከለከልም፤ ይሄን ደግሞ ለአጎቴ ያስተማረችው እሷ ራሷ ናት። አካፋውን ከትከሻው አወረደና «ቅጂ እንግዲህ» አላት።

ቀዳች። እኔም ቅሌን ሞላሁ። አጎቴ ራሱ እንስራውን አሳዘላት። ከዚያ በአባቴ ፊት ቀና ሳትል አልፋ ማሳችን ገባች፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብላ አንዱ የማሽላ ትልም ላይ ገለበጠችው። መሬቱ ጠጣው፣ ምንም እንዳልተደረገለት ሆኖ ዝም አለ። እኔም ቅሌን አፈሰስኩ፤ የእኔንማ ማየትም አልተቻለም። እሷ ግን ተመልሳ ሄደች። ያንን ሁሉ ማሳ በእንስራ ልታጠጣ ነው።

«የሺ፣ ተይ፣ ሰው ይስቅብናል» አላት አባቴ በሁለተኛው ዙር ስናልፍ።

«ይሳቅ። ከሚለቀስ ይሻላል» አለችው፣ ሳትቆም።

ሰዉ ግን አልሳቀም። እናቴ እየቀዳች፣ እያዘለች፣ እየገለበጠች ተመላለሰች። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም፤ ጾም ነው። እየቆየ እግሯ ጭቃው ውስጥ መያዝ ጀመረ፤ አንዴ ልትወድቅ ስትል በእጇ መሬት ተደግፋ ተነሳች። ያኔ አለቀስኩ። ፈራሁ እንጂ ለምን እንደማለቅስ አላወቅኩም። አባቴ አየኝ፣ እሷንም አየ። ምንሽሩን ለአባ እንድሪስ ሰጠና «ያዙልኝ» አላቸው። አባ እንድሪስ ጠመንጃውን ከኋላቸው ደበቁት።

ከዚያ አባቴ ባዶውን እንስራ ከእናቴ ጀርባ አወረደ። ገመዱን ደረቱ ላይ እንዴት እንደሚያስሩት አያውቅም፤ እሷ አሰረችለት። እንግዲህ የራያን ወንድ የምታውቁ አስቡት፤ ያ ረጅም፣ ጎፈሬው የተበጠረ ሰው እንስራ አዝሎ በአደባባይ ሲሄድ። ወንድ ልጅ እንስራ አያዝልም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አይቼ አላውቅም፣ ከዚያም በኋላ አላየሁም። አባ እንድሪስ «ሱብሃነላህ» ሲሉ ሰማሁ።

አባቴ ክትሩ ላይ ደረሰ፣ አጎቴን አላየውም፤ እንስራውን አዘንብሎ ቀዳ። እናቴ አልተከተለችውም። እኔ ልሄድ ስል በቀሚሴ ይዛ አስቀረችኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ነው የገባኝ። ሙሉ እንስራ ብቻውን አዝሎ የሚነሳ ሰው የለም። ሴቶች ወንዝ ሲወርዱ አንዷ ሌላዋን የምታሳዝለው ለዚህ ነው። አባቴ ተንበርክኮ ገመዱን ይዞ ለመነሳት ሞከረ፣ አልቻለም። ደግሞ ሞከረ። አጠገቡ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ፊቱን ሳያዞር «ፈንታው፣ ና አሳዝለኝ» አለው።

ከተጣሉ ጀምሮ የተነጋገሩት የመጀመሪያው ቃል ይሄ ነው። አጎቴ አካፋውን ጣለ። ከኋላው ሆኖ እንስራውን ከሥሩ ደግፎ አነሳለት። ግን እሱም ቢሆን ሴት ማሳዘል እንጂ ወንድ ማሳዘል አልለመደበትም፤ አባቴ ረጅም ነው። እንስራው ዘመም አለና ጭቃ ውሃው በአባቴ ማጅራት ገብቶ እስከ ወገቡ ወረደ። አባቴ «ውይ፣ ቀዘቀዘ» አለ። አጎቴ ሳቁን ሊይዘው ሞከረ፣ አልሆነለትም። አባቴም ጀመረው። ሁለቱ ሲስቁ ገመዱ አመለጠና የእናቴ ትልቁ እንስራ ክትሩ ላይ ወድቆ ተሰበረ።

ሁለቱም እንደ ልጅ ደንግጠው ወደ እናቴ ዞሩ። እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አይታወቅም። አጎቴ አካፋውን አንስቶ ክትሩን ናደው። «ይሄው ጸበልሽ» አላት። አባቴም ባዶ እጁን ነበረና በእጁ ጭቃውን እየዛቀ አገዘው። ውሃው ወደ ማሳችን ሲገባ እናቴ እኔን ጎትታ ወስዳ ፊቴን በዚያ ቡናማ ውሃ አጠበችኝ፣ ከዚያ ራሷን አጠበች፣ ከዚያ የመጣውን ሁሉ «ተቀበሉ» ትል ጀመር። ማሳችን ቁርጭምጭሚት ሲሞላ አባቴ ለአባ እንድሪስ ለቀቀላቸው። እሳቸውም ምንሽሩን ከኋላቸው አውጥተው መለሱለት፤ አባቴ አፍሮ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ተቀበላቸው።

ፍልሰታ ሲፈታ ሁለቱ ዋርካው ሥር አንድ ላይ ቆመው አየኋቸው። ለመስቀል ደግሞ አጎቴ ከጎብዬ ገበያ ትልቅ አዲስ እንስራ በግመል አስጭኖ አመጣላት። አባቴ በእናቴ ጸበል መቀለዱን አልተወም፤ ሰው እንዲህ በቶሎ አይለወጥም። «ጭቃሽ መጣልሽ» ይላታል በየክረምቱ። ግን እንዲህ እያለ ወደ ቦዩ ሲሄድ ባርኔጣውን እንደሚያወልቅ አይቻለሁ፤ እሷም አይታለች፤ ነገር ግን አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም።

ሁሉም አሁን የሉም። ቆቦ ሄጄ ነበር ባለፈው ዓመት። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይበቅላል፤ ጥሩ ነው፣ አልጠላሁትም። የወንድሜን የልጅ ልጆች «ጎርፍ ሲመጣ ይሰማችኋል?» ብላቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። እዚህ ደሴ ደግሞ ጸበል ከሩቅ አገር በፕላስቲክ ጠርሙስ ይመጣልኛል። ሰናይት በክብር ቁምሳጥን ላይ ትደረድረዋለች፤ የምታምን ልጅ ናት። የቧንቧውን ግን ማንም ጸበል አይለውም። እኔም ለእሷ ነግሬያት አላውቅም፤ እርጅና አሳሳታት እንዳትል።

ቤታችን ዳገቱ ሥር ነው። ስለዚህ ውሃ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው፤ እኛ ካልዘጋን ከላያችን ያሉት ወይዘሮ ዘሀራ ጋ ጉልበት አግኝቶ አይወጣም። እሳቸው የልጅ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ያኔ ላይ ያለው ነበር ውሃውን የሚይዘው፤ አሁን ታች ያለነው ሆንን። ትናንት ውሃው መጥቶ፣ ቡናማው አልፎ ጠርቶ፣ ሰናይት ጀሪካኖቹን ሞልታ በርሜሉን ስትጀምር አጠገቧ ቆምኩ። ውሃው የበርሜሉ ወገብ ላይ ሲደርስ እጄን ዘርግቼ ቧንቧውን ዘጋሁት።

«እማማ፣ ኧረ አልሞላም እኮ» አለችኝ።

«ደርሷል፣ ይበቃል» አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ስለምታከብረኝ አልከፈተችውም። ሁለታችንም እጃችንን እያደራረቅን ቆመን፣ ከላይ ግቢ ባዶ ጀሪካን ውስጥ ውሃ መንኳኳት ሲጀምር ሰማን። የዘሀራ ትንሿ የልጅ ልጅ ከውስጥ እየሮጠች ወጣች መሰለኝ፣ ድምጿ ቁልቁል መጣ፦

«መጣ፣ መጣ» ትላለች።

ጎንበስ ብዬ የቧንቧውን አፍ በጣቴ ነካሁና አማተብኩ። ሰናይት አየችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች።